ምዕራፍ ስድስት፦ አንድ ጊዜ ያበበ ጅብራ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው መንገድ የጉና ተራራን ጥግ ይዞ ያልፋል። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት ይጋሩታል፤ ርብና ጉማራም ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ከመንገዱ ወደ ላይ የወጣ ሰው መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ ያልፋል፤ ከዚያ አስታው ይመጣል፤ አስታው ሲያልቅ ጓሳው ይዘረጋል። በጓሳው መካከል፣ ሌላ ዛፍ በማይቋቋመው ብርድ ውስጥ፣ ጅብራ ቆሞ ይታያል።

ጅብራ ቅርንጫፍ የለውም። ወፍራም ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቅጠሉ ሁሉ ከአናቱ ላይ ዙሪያውን ተሰካክቶ ይበቅላል። ለብዙ ዓመታት ሥራው ቅጠል ማውጣትና ቁመት መጨመር ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ ግን ከቅጠሎቹ መካከል ረጅም የአበባ ዘንግ ይመዘዛል። ዘንጉ ብቻውን ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ግንዱና ዘንጉ ሲደመሩ ስምንት ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርሱ አሉ። ዘንጉን የሸፈኑት አበቦች ከታች ወደ ላይ በተራ እየፈኩ ዘር ይቋጥራሉ። ዘሩ ከተበተነ በኋላ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ግንዱም ይሞታል። ስንት ዓመት ውርጭ ችሎ የኖረው ተክል የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን አኗኗር ከጅብራ ጋር የሚጋሩ ተክሎች ጥቂት አይደሉም። ከእነሱም ብዙዎቹን እንበላቸዋለን፣ ቤት እንሠራባቸዋለን፣ ገመድ እንፈትልባቸዋለን። ለመሆኑ አንድ ተክል ዓመታት የለፋበትን ሕይወት ለአንድ ጊዜ አበባ ለምን ይሰጣል? አሟሟቱስ ለእኛ ምን ትርጉም አለው?

አንድ ጫፍ፣ አንድ ዕድል

ጅብራ ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ አይበቅልም። ለአውሮፓ ሳይንስ መጀመሪያ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዋልያንና ጭላዳን በሳይንስ ስም ያስመዘገበውም ይኸው ሰው ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በስሜን ተራሮች ሲያልፍ የሰበሰበውን ናሙና ፍሬሰኒየስ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ1838 ገልጾ አሳተመው። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት ስም ሎቤሊያ ራይንኮፔታለም ነው።

የተክሉ ዕጣ ከአሠራሩ ይጀምራል። ማንኛውም ተክል የሚያድገው ከጫፉ ነው። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሳያቋርጡ የሚባዙ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ቅጠልና ግንድ ሲያወጡ ይኖራሉ፤ አንድ ቀን አበባ እንዲሆኑ መልእክት ሲደርሳቸው ግን ያ ጫፍ አበባ ሆኖ ያበቃል። ወይራ ወይም ኮሶ በሺህ የሚቆጠር ጫፍ ስላለው፣ ከፊሉ ሲያብብ ከፊሉ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። ለዚህም ነው በየዓመቱ እያበበ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው። ጅብራ ያለው የማደጊያ ጫፍ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱ አበባ ከሆነ በኋላ አዲስ ቅጠል የሚያወጣ፣ ግንዱንም የሚመግብ ሌላ ጫፍ አይቀርለትም።

ይህን አንድ ጫፍ ጠብቆ ለማቆየት ተክሉ ብዙ ይደክማል። በከፍተኛው ተራራ ላይ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ይህ በዓመቱ ሁሉ ይደጋገማል። ጅብራ በሌሊት ቅጠሎቹን ወደ መሃል እየሰበሰበ ጫፉን ይከልላል። ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና ጀርመናዊው ኤርቪን ቤክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በባሌ ተራሮች አጥንተው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የግንዱን ጥቅም አሳየ። ሌሊት ከሁሉ የሚብሰው ብርድ መሬቱን ተጠግቶ የሚተኛው ነው፤ ጅብራም ቁመት በጨመረ ቁጥር ጫፉ ከዚያ ብርድ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ ከፍታ ላይ ክፉውን ጊዜ የሚያየው ገና መሬት ያልለቀቀው ችግኝ ነው። ትልቅ ለመሆን የበቃ ጅብራ ከብዙ መቶ ወንድሞቹ መካከል የተረፈ ነው፤ ይህን ነገር ኋላ እንፈልገዋለን።

ገብሱም እንዲሁ ነው

አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ለማየት ጉና ላይ መውጣት ግድ አይደለም። ከተራራው ሥር ያለው ገብስ፣ ወደ ወይና ደጋው ያለው ጤፍ፣ ባቄላና ሽምብራ ሁሉም አንድ ጊዜ ያብባሉ፤ ፍሬ ይቋጥራሉ፤ ይደርቃሉ። ከጅብራ የሚለያቸው ጅብራ በብዙ ዓመት የሚሠራውን እነሱ በአንድ ክረምት መጨረሳቸው ነው።

መስከረም ሲጠባ መስኩን የሚያለብሰው አደይ አበባም ከእነዚሁ ወገን ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በመስከረም ይፈካል፣ ዘሩን ጥሎ ከበጋው በፊት ይሞታል። በጋይንት ምድር ባለችው ቤተ ልሔም የአበባው ወራት ልዩ ቦታ አለው። ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ጉባኤ ቤት ናት፤ ድጓ የተማረ ከየአገሩ መጥቶ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። የድጓው ሥርዓት ዓመቱን በዘመን በዘመን ይከፍለዋል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በደጋው ላይ የሚያብበው አብዛኛው ነገር ጥር ሳይገባ የሚደርቅ የአንድ ክረምት ተክል ነው። ዜማው በየዓመቱ የሚያወድሰው አበባ በየዓመቱ ከዘር የሚጀምር አዲስ ትውልድ ነው ማለት ይቻላል።

ገበሬው ይህን ሂደት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ገብሱ ይዘረዝራል፣ ያሽታል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል። ሲቢጭ ውሃ የጠማው ይመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ገብስ እንደ ጎተራ ነው፤ በክረምቱ ወራት ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቀመውን በመጨረሻ ወደ ዛላው ይገለብጠዋል። ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ዚንክና ብረት ተፈትቶ በግንዱ በኩል ወደ ፍሬው ይሄዳል። አረንጓዴው ቀለም የሚጠፋው ቅጠሉ የተሠራበት ነገር እየፈረሰ ስለሚጫን ነው። ከምንበላው ከፊሉ እንግዲህ ተክሉ ከገዛ አካሉ አፍርሶ ያስተላለፈው ነው።

ይህን የሚያረጋግጥ አንድ ግኝት በ2006 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ክሪስቶባል ኡዋይና ባልደረቦቹ ከዱር ስንዴ ውስጥ አንድ ዘረ መል ለዩ። ይህ ዘረ መል የሚሠራበት ስንዴ ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል፤ ቀድሞ የደረቀው ስንዴ ፍሬ ግን ፕሮቲኑ፣ ዚንኩና ብረቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዘረ መሉ በአብዛኛው ዘመናዊ ስንዴ ውስጥ መሥራቱን አቁሟል። ቶሎ መሞትና ፍሬን በደንብ መመገብ በአንድ ትእዛዝ የሚፈጸሙ ሥራዎች መሆናቸውን ይህ በግልጽ አሳይቷል።

ታዲያ ተክሉ የሚሞተው ፍሬው ስለጨረሰው ነው? ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱ እንዲህ ያስቡ ነበር። የአኩሪ አተር አበባና ፍሬ እየተለቀመ ቢጣል ቅጠሉ ከወትሮው ብዙ ሳምንት ዘልቆ ለምለም እንደሚቆይ በሙከራ ታይቷል። አሜሪካዊው ኤ. ካርል ሊዮፖልድ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የቆስጣ ዘመድ በሆነው ስፒናች ላይ ያየው ግን ሐሳቡን አወሳሰበው። ስፒናች ወንዱና ሴቱ የተለያየ ተክል ነው። ሴቲቱ ዘር ስለምትሸከም ብትሞት አይገርምም፤ ዘር የማይቋጥረው ወንዱ ግን ምን ገደለው? እሱም አብቦ ወዲያው ይሞታል፤ አበባው ከተለቀመበት ደግሞ ይቆያል። ስለዚህ ሞቱ በድካም ብቻ አይመጣም። አበባው ራሱ ለቀሪው አካል መልእክት ይልካል፤ ተክሉም ራሱን በሥርዓት ያፈርሳል።

አንድ ትርፍ ፍሬ

በ1954 (እ.ኤ.አ.) ላሞንት ኮል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ሊቅ ሁሉንም ያስደነገጠ ሒሳብ አሳተመ። ሁለት ተክሎች አሉ እንበል። አንደኛው በየዓመቱ 100 ዘር እየሰጠ ራሱም ለዘለዓለም ይኖራል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ 101 ዘር ሰጥቶ ይሞታል። የትኛው ዘሩን ቶሎ ያበዛል? መልሱ እኩል ናቸው የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ቤት 100 ልጅና አንድ ወላጅ፣ ጠቅላላ 101 ይሆናል። ሁለተኛውም ቤት 101 ነው። ለዘለዓለም መኖር ያተረፈው አንድ ዘር ብቻ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ተክል ሁሉ ለምን እንደ ገብስ አንድ ጊዜ አብቦ አይሞትም?

እንቆቅልሹን በ1973 (እ.ኤ.አ.) የፈቱት ኤሪክ ቻርኖቭና ዊሊያም ሻፈር ናቸው። ኮል የተወለደ ዘር ሁሉ ይጸድቃል ብሎ ነበር የቆጠረው፤ በሜዳው ላይ ግን አብዛኛው ዘር አይጸድቅም። ከ50 ዘር አንዱ ብቻ ለአቅመ አበባ የሚደርስ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ተክል በሕይወት መኖሩ የ50 ዘር ያህል ዋጋ አለው። አንድ ጊዜ የሚያብበው ተክል ለመስተካከል 101 ሳይሆን 150 ዘር መስጠት አለበት። ችግኝ ማሳደግ ከባድ በሆነበት ቦታ ያደገውን ወላጅ ማቆየት ያዋጣል ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ሌላም ጎን አለው። ወላጁ ዛሬ አብቦ ለሚቀጥለው አበባ የመድረስ ዕድሉ ከዐሥር አንድ ብቻ ከሆነስ? ያኔ የመትረፉ ዋጋ ከ50 ዘር ወደ አምስት ይወርዳል። 105 ዘር ሰጥቶ የሚሞተው ይስተካከለዋል፤ ከዚያ በላይ የሰጠው ይበልጠዋል። እንግዲህ ለነገ መቆጠብ የሚያዋጣው ነገን የማየት ተስፋ ላለው ነው።

የዚህ ማስረጃ የተገኘው በጅብራ ዘመዶች ላይ ነው። በኬንያ ተራራ ላይ ሁለት ዓይነት ግዙፍ ሎቤሊያዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው እርጥበት ባለው ሸለቆ የሚበቅል ሲሆን ከሥሩ ተጨማሪ አናቶች ያወጣል፤ አንዱ አናት አብቦ ሲሞት ሌላው ስለሚቀር ተክሉ ደጋግሞ ያብባል። ሁለተኛው በደረቁና ድንጋያማው ተዳፋት ላይ የሚበቅል ሲሆን አንድ አናት ብቻ አለው፤ በርካታ አስርት ዓመታት ኖሮ፣ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። አሜሪካዊው ትሩማን ያንግ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተክሎቹን እየቆጠረ ለዓመታት ተከታተላቸው። ያገኘው ከሒሳቡ ጋር የሚስማማ ነበር። ቦታው እየደረቀ በሄደ መጠን ተክሉ ከአንዱ አበባ እስከ ሌላው የሚጠብቀው ጊዜ ይረዝማል፤ በመካከሉ የመሞት ዕድሉም ይጨምራል። ለሁለተኛ አበባ መድረስ አጠራጣሪ በሆነበት በዚያ ተዳፋት ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥቶ ትልቅ ዘንግ ማቆም የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ጅብራም ከሁለተኛው፣ ከቆራጡ ወገን ነው። ከግንዱ እስከ ቅጠሉ ያለውን ሁሉ ለአንድ ዘንግ ይሰጣል። በምላሹ እጅግ ጥቃቅን የሆነ፣ ነፋስ የሚወስደው፣ ለመቁጠር የሚያታክት ዘር ያገኛል። ከዚያ ሁሉ ዘር ጥቂቱ እንኳ ውርጩን አልፎ ግንድ ካቆመ ሒሳቡ ተስተካክሏል።

እንሰት፣ ቃጫና ሽመል

በደቡብ ጎንደር ጓሮ ውስጥ ኮባ የተለመደ ነው፤ ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በቅጠሉ ተሸፍኖ ነው። ኮባ ማለት እንሰት ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከፋ፣ በጋሞና በሌላውም የደቡብ ምድር ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ተክል ይኸው ነው። እንሰትም አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ከውጭ ግንድ የሚመስለው እርስ በርሱ የታቀፈ የቅጠል ሥር ነው፤ እውነተኛው ግንድ መሬት ውስጥ ይቆይና ማበቢያው ሲደርስ በመካከሉ አልፎ ይወጣል፤ ከላይም ወደ ታች የሚንጠለጠል አበባ ሆኖ ያበቃል።

ተክሉ አንድ ቢሆንም ሁለቱ አገሮች የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ጎንደሬው ቅጠሉን ብቻ ስለሚወስድ ኮባው ዕድሜውን ጨርሶ፣ አብቦ፣ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የደቡቡ ገበሬ ግን ማበቢያውን በጥንቃቄ ይጠብቃል። እንሰቱ ለአበባ ሲዘጋጅ ለዓመታት ያጠራቀመው ስታርች ከሁሉ ጊዜ የበዛ ይሆናል። አበባው ከወጣና ፍሬ ከያዘ ስታርቹ ወደዚያ መሄድ ይጀምራል። ስለዚህ ቆጮና ቡላ የሚወጣው ተክሉ ሊያብብ ሲል ወይም አበባው ብቅ እንዳለ ተቆርጦ ነው። ለዘር የተጠራቀመውን ስንቅ ሰው ቀድሞ ይወስደዋል።

ሳያብብ ከተቆረጠ ዘሩስ ከየት ይመጣል? ገበሬው ለዚህም መላ አለው። ገና ለጋ የሆነውን እንሰት ይቆርጥና የማደጊያ ጫፉን ከመሃል ፈንቅሎ ያወጣዋል፤ ከዚያ በአፈርና በፍግ ይሸፍነዋል። ብቸኛው ጫፍ ሲወገድ ተኝተው የነበሩ ሌሎች ጫፎች ይነቃሉ፤ ከአንዱ ሥር ብዙ ልጆች ይወጣሉ። በተፈጥሮው አንድ ዕድል የነበረውን ተክል ሰው ባለብዙ ዕድል አደረገው።

እንሰት በአውሮፓ የታወቀውም በጎንደር በኩል ነው። ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከነሥዕሉ ገልጾታል። ከስድሳ ዓመት በኋላ ዋልተር ፕላውደን በ1853 ዘሩን ለንደን ወዳለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። ፕላውደን መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ካደረጉት ከራስ ዓሊ ጋር በ1849 ውል የተዋዋለው የእንግሊዝ ቆንስል ነው። ዘሩም እዚያው በመስታወት ቤት በቅሎ አበበ።

ቃጫ ሌላ መንገድ አለው። በአጥር ጥግ የሚተከለው ይህ ባለ እሾህ ተክል ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ዓመታት ኖሮ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣና ይሞታል፤ ከመሞቱ በፊት ግን ዘንጉ ላይ ሥር ለመስደድ የተዘጋጁ ትናንሽ ችግኞች ያበቅላል። ወላጁ ሲደርቅ ልጆቹ መሬት ላይ ወድቀው ይያዛሉ።

ሽመልና ቀርከሃ ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ ያደርሱታል። እነዚህ የሣር ወገኖች ለአስርት ዓመታት ሳያብቡ ይኖራሉ፤ ከዚያም ጫካው በሙሉ በአንድነት አብቦ ይደርቃል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሽመል ደኖች እንዲህ በጅምላ አብበው መድረቃቸው ባለፉት አስርት ዓመታት ታይቷል። በቻይናና በጃፓን የሚገኝ አንድ የቀርከሃ ዓይነት የሚያብበው በ120 ዓመት ገደማ አንዴ ነው። በአንድ ላይ የማበቡ ጥቅም ዘር በሊታውን ማጥገብ ነው፤ ወፍና አይጥ የቻሉትን ያህል በልተው የሚተርፈው ይበቅላል። ለሰው ግን ይህ ጥጋብ መዘዝ አለው። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በምትገኘው ሚዞራም አንድ የቀርከሃ ዓይነት በ48 ዓመት አንዴ ያብባል። በ1958 እና በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሲያብብ በዘሩ የተራባው አይጥ ዘሩን ጨርሶ ወደ ሰብሉ ዞረ፤ ረሃብ ገባ። ረሃቡን ለመታገል የተቋቋመው ማኅበር የፖለቲካ ድርጅት ሆነ፤ በ1966 አመፅ አስነሣ፤ ሰላም የወረደው በ1986 ነው።

የጉና ጅብራ ነገ

አሁን ወደ ጉና እንመለስ። እስካሁን ያየነው አንድ ጊዜ አብቦ መሞት የጅብራ ጉድለት እንዳልሆነ ነው። ለውርጭና ለረጅም ጥበቃ የተስማማ፣ ሒሳቡ የተጣራ አኗኗር ነው። ይሁን እንጂ ይህ አኗኗር አንድ ክፍት ቦታ አለው። ወይራ በዚህ ዓመት ቅርንጫፉ ቢቆረጥ በሚቀጥለው ዓመት ያብባል። ጅብራ ግን ከማበቡ በፊት ከተቆረጠ የዚያ ዓመት ዘሩ ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ዘሩ ጠፋ። የኖረው ሁሉ ላልተሰጠ ዘር ነበር። በተቃራኒው ዘሩን በትኖ የደረቀ ጅብራ ቢቆረጥ ተራራው የሚያጣው ዘር የለም። ስለዚህ በጉና ላይ ጅብራ ተቆረጠ ሲባል መጠየቅ ያለበት መቼ ተቆረጠ ተብሎ ነው።

በሰው እጅ የማይያዝ ሌላ ስጋትም አለ። ደሳለኝ ጫላ፣ አቤል ግዛውና ባልደረቦቻቸው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት የአየር ንብረቱ እየሞቀ ሲሄድ ጅብራ ምን እንደሚገጥመው አስልቷል። በአማካይ ግምታቸው በ2080 ለጅብራ የሚመች ሆኖ የሚቀረው መሬት አሁን ካለው 3.4 በመቶ ብቻ ነው፤ እሱም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተበታትኖ። ከዘረ መል ሀብቱ 82 በመቶው ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙቀቱ ሲጨምር የብርድ ተክል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ተራራ ግን ጫፍ አለው። ከታች ደግሞ ማሳው ወደ ላይ እየወጣ፣ ከብቱ እየተከተለ ይገፋዋል። ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እንዳይሻገር በመካከሉ ያለው አገር ለእሱ ቆላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ በሃዋይ ደሴቶች ታይቷል። ሃሌአካላ በተባለው ተራራ ላይ የሚበቅል፣ ብርማ ቅጠል ያለው፣ ከሃያ እስከ ዘጠና ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ የሚያብብ ተክል አለ። ጎብኚው ለማስታወሻ እየነቀለ፣ ከብቱና ፍየሉ እየበላው በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ቦታው ሲጠበቅና መንቀሉ በሕግ ሲከለከል ቁጥሩ አሥር ሺዎች ደረሰ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ሙቀቱና ድርቀቱ እንደገና እያሳነሰው ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጠበቅ ፍሬ ያፈራል፤ ለዚያውም ዕድሜው ረጅም ለሆነ ተክል። ጥበቃው ብቻውን ግን የአየር ንብረቱን አይመልስም፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ።

የጉና ነዋሪ ውርጩን ከጅብራው ጋር የሚካፈል ሰው ነው። እንጨት ያስፈልገዋል፣ ግጦሽ ያስፈልገዋል፣ የገብስ መሬት ያስፈልገዋል። ከተራራው ውረድ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ጅብራን የማዳን ሥራ ግን በአንድ ደንብ ሊጀመር ይችላል፤ ደንቡም ገበሬው በገብሱ ላይ ከሚያደርገው የተለየ አይደለም። ማንም ገበሬ ዘር የሚሆነውን ገብስ ሳያሽት አያጭደውም። ጅብራም እንዲሁ ይሁን። ዘንግ ያላወጣው አይቆረጥ። ዘንግ ያወጣው ዘሩ እስኪበተን ይቆይ። ደርቆ የቆመውን ማገዶ ያጣ ሰው ይውሰደው። ችግኝ የበዛበት የጓሳ ቦታ ደግሞ ችግኙ ከመሬት እስኪለቅ ድረስ ከከብት ይከለል። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የቀበሌው ሽማግሌዎችና እረኞቹ ከተስማሙ ይበቃል። አንባቢው የጋይንት፣ የፋርጣ ወይም የእስቴ ሰው ከሆነ ይህን ደንብ ለአካባቢው እረኞች ይንገርልን።